በርሜሉ ስንት ሊትር ይይዛል? የሲሊንደርን ይዘት በትክክል ለማስላት

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው በርሜሉ ሲሞላ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ከዚያም በላይ አሁን በውስጡ ስንት ሊትር እንደቀረ ማወቁ ይጠቅመዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የአናጺ ሜትርና አጭር ስሌት ነው።

በርሜል ከታች እስከ አፉ ስፋቱ የማይለወጥ ክብ ዕቃ፣ ማለትም ሲሊንደር ነው። እኩል ክብ የሆኑ እንጀራዎች ተደራርበው ሲቀመጡ የሚሠሩትን ቅርጽ ያስቡ፤ የክምሩ ይዘት የአንዱ እንጀራ የገጽ ስፋት በክምሩ ቁመት ሲባዛ የሚገኘው ነው። የክብ የገጽ ስፋት ደግሞ ራዲየሱን (ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት) በራሱ አባዝቶ ውጤቱን በፓይ፣ ማለትም በ3.14 በማባዛት ስለሚገኝ፣ ቀመሩ እንዲህ ይጻፋል፦

ይዘት = 3.14 × ራዲየስ × ራዲየስ × ቁመት

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ልኬቱ ላይ ነው። የክቡን መሐል በዓይን ገምቶ ራዲየስ ለመለካት መሞከር አይመከርም። ይልቅስ የሜትሩን ጫፍ በበርሜሉ አፍ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አጥብቀው ይያዙና ሜትሩን በተቃራኒው ጠርዝ ላይ ቀስ እያሉ ያንሸራትቱት። ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ መልሶ መቀነስ ይጀምራል፤ ያዩት ትልቁ ቁጥር ዲያሜትሩ ነው፤ ምክንያቱም በክብ ውስጥ ረጅሙ መስመር በመሐሉ የሚያልፈው ነው። የዚህ ግማሽ ራዲየሱ ይሆናል። አፉ የተዘጋ ከሆነ ወገቡን በሲባጎ ዙሪያውን ለክተው ርዝመቱን ለ3.14 ሲያካፍሉ የውጭው ዲያሜትር ይገኛል፤ የዕቃው ግድግዳ ወፍራም ከሆነ ግን ከዚህ ላይ የውፍረቱን እጥፍ መቀነስ አይዘንጉ።

ለምሳሌ የውስጥ ዲያሜትሩ 57 ሳንቲ ሜትር፣ የውስጥ ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብረት በርሜል እንውሰድ። ራዲየሱ 28.5 ነው። 28.5 በ28.5 ሲባዛ 812.25፣ ይህም በ3.14 ሲባዛ 2,550 ገደማ፣ ይህ ደግሞ በ85 ሲባዛ 216,800 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 1,000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 1 ሊትር ስለሆነ፣ በርሜሉ እስከ አፉ ሲሞላ 216.8 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 11 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውኃ ይይዛል።

ራዲየሱ በራሱ ስለሚባዛ ስሕተቱም አብሮ ያድጋል። በዚሁ በርሜል ላይ ቁመቱን በ1 ሳንቲ ሜትር ብንስት ልዩነቱ 2.5 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ዲያሜትሩን 57 በማለት ፈንታ 58 ብንል ግን ወደ 7.7 ሊትር ይደርሳል። በራዲየስ ቦታ ዲያሜትሩን የሚያስገባ ሰው ደግሞ አራት እጥፍ፣ ማለትም 867 ሊትር ያገኛል።

ይህ ስሌት ጥንታዊ ነው። ከ3,500 ዓመት በፊት በግብፅ አሕመስ የተባለ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ ባሰፈረው ስሌት፣ ዲያሜትሩ 9 ክንድ ቁመቱ 10 ክንድ የሆነ የእህል ጎተራ ይዘት የተገኘው ከዲያሜትሩ አንድ ዘጠነኛውን ቀንሶ፣ ቀሪውን 8 በራሱ፣ ከዚያም በ10 በማባዛት ነው፤ ውጤቱ 640 ኪዩቢክ ክንድ ነው። በዚህ መንገድ የእኛ በርሜል 218.2 ሊትር ይሆናል፤ ፓይን ሳያውቁ እዚህ መድረሳቸው በእውነት ያስደንቃል።

የቀረውን ውኃ ለማወቅ ንጹሕና ደረቅ ዱላ እስከ ታች አስገብተው የረጠበውን ርዝመት ይለኩ። በምሳሌው በርሜል እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 2.55 ሊትር ስለሆነ፣ 31 ሳንቲ ሜትር ቢረጥብ 79 ሊትር ያህል ቀርቷል። ይህ የሚሠራው ቀጥ ብሎ ለቆመ በርሜል ብቻ ነው፤ በተጋደመ በርሜል የውኃው ገጽ ስፋት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ስለሚለዋወጥ፣ ልክ እስከ ግማሹ ካልሆነ በቀር የዱላው ልኬት በቀጥታ ሊትሩን አይነግርም። ጣሪያው ጉልላት ለሆነ ሮቶም ቀመሩ የሚያገለግለው ግድግዳው ቀጥ ብሎ እስከሚሄድበት ድረስ ነው።