ሐይቅና ወንዝ ዳር ከቢልሃርዚያ እንዴት ራስን መጠበቅ ይቻላል?

«ውሃውን አልጠጣሁትም፣ ገላዬን ብቻ ነው የታጠብኩት» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል ዋና መግቢያው ግን ቆዳ ነው። የታማሚ ሰገራ ወይም ሽንት ውሃ ውስጥ ሲገባ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል፤ የሚወጣው እጭ (ገና ያላደገው ትል) ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ በዓይን የማይታይ ሆኖ ይወጣና የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ቦታውን ይወቁ። ጣና፣ ሐዋሳና ዝዋይ ሐይቆች ዳር የአንጀት ቢልሃርዚያ አለ፤ የሽንት ፊኛው ዓይነት በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ይገኛል። ውሃው ኩልል ማለቱ ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ለመዝናናት ከሆነ አይዋኙ። ጀልባ መሳፈር አያሰጋም፤ ሲወርዱ ግን ቄጠማና ደንገል በበዛበት ዳርቻ በባዶ እግር አይንቦጫረቁ። ኑሮው ውሃ ውስጥ የሆነ ዓሣ አጥማጅ ወይም የመስኖ ገበሬ ቦቲ ጫማ ያድርግ፤ እጩ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ ስለሆነ፣ ከቀትር ይልቅ ማለዳ ይሻላል።

ለገላ የሚሆነውን ውሃ ቀድተው ክዳን ባለው ጀሪካን ሁለት ቀን ያቆዩት፤ እጩ ሰው ካላገኘ ይሞታል። የሚጠጣውን ያፍሉ።

ስለ ቀንድ አውጣው ሳነሳ ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን ለዘመናት በእጃቸው የያዙት ፍሬ መድኃኒትነት የታወቀው እንዲህ ነው። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል በራስዎ ፈቃድ ሐይቅ ውስጥ አይጨምሩ።

ውሃ ውስጥ ገብተው ከሆነስ? ወዲያው ሰውነትዎን በፎጣ አሽተው ያድርቁ፤ ትንሽ ይረዳል እንጂ አይተማመኑበት። ከሁሉ በላይ የምለምነው ቀኑን እንዲጽፉ ነው። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳልና ቁርጥማት ሊመጣ ይችላል፤ ወባ ወይም ታይፎይድ ይመስላል። ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ሄደው «በዚህ ቀን ሐይቅ ገብቼ ነበር» ይበሉ። ሕመም ባይሰማዎትም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመርመሩ፤ ቀድሞ የተደረገ የሰገራ ምርመራ እንቁላል ላያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴልም የሚገድለው ያደገውን ትል ስለሆነ፣ ቶሎ የተዋጠ ኪኒን ሥራውን ሳይጨርስ ይቀራል። መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን ከመድኃኒት ቤት በግምት አይግዙ። ለልጆች ትምህርት ቤት ሲታደል ቁርስ አብልተው ይላኳቸው።

ለእረፍት መጥተው ጣና የዋኙ የዋሽንግተን ወይም የቴል አቪቭ ነዋሪ ከሆኑ፣ እዚያ ያለው ሐኪም ካልነገሩት ላይጠረጥር ይችላል። ትሉ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ ጉዞው የቆየ ቢሆንም ይንገሩት።