የጺም ብሩሽ ጸጉር ከየት ይመጣል? ገዢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጺም ብሩሽ ሳሙናን በውኃ መትቶ አረፋ የሚያወጣ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይሁን እንጂ ጸጉሩ የሚገኘው ባጀር ከተባለ የዱር እንስሳ፣ ከአሳማ ወይም ከፈረስ፣ አለዚያም ከፋብሪካ በመሆኑ ገዢው ሳያስበው የአንድን እንስሳ አያያዝ በሚመለከት ጉዳይ ውስጥ ይገባል። በቅን ልቡና የሚገዙ ሰዎች እንኳ በዚህ ረገድ ደጋግመው ይሳሳታሉ።

የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚብሰው ስህተት የባጀር ጸጉር እንደ በግ ሱፍ ተሸልቶ የሚሰበሰብ መምሰሉ ነው። ባጀር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ በሌሊት የሚንቀሳቀስ የዱር እንስሳ ሲሆን፣ እየተያዘ ተሸልቶ የሚለቀቅበት የንግድ አሠራር የለም። ነገሩን ለመረዳት አንዲት የባጀር ጸጉር ወደ ብርሃን አስጠግቶ ማየት ይጠቅማል፦ ሥሯ ነጣ ያለ፣ ወገቧ ጥቁር፣ ጫፏ ደግሞ ነጭና እየሾለ የሚሄድ ነው። ልስላሴው ያለው በዚህ የሾለ ጫፍ ላይ ስለሆነ ጠንቃቃ ብሩሽ ሠሪ ጫፉን በመቀስ አይነካውም፤ ጸጉሮቹን ወደ ታች ደፍቶ ጎድጎድ ባለ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይሰበስባቸውና በሥራቸው በኩል አስሮ በማጣበቂያ ያያይዛቸዋል። የብሩሹ አናት ሞላ ብሎ ክብ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ሥራ የሚውለው ጸጉር ከተገፈፈ ቆዳ ላይ ተቆርጦ የሚወሰድ በመሆኑ፣ የባጀር ብሩሽ ባለበት ሁሉ የተገደለ ባጀር አለ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው «ባጀር ሰብል የሚያበላሽ እንስሳ ስለሆነ መገደሉ አይቀርም» የሚለውን የሻጮች ማስተባበያ እንደ ወረደ መቀበል ነው። ለብሩሽ የሚውለው የባጀር ጸጉር በአብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ሲሆን፣ ፔታ ኤዥያ የተባለው የእንስሳት መብት ተሟጋች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ምስል እንስሳቱ በጠባብ የሽቦ ቤቶች ውስጥ ታጉረው ሲያድጉና በጭካኔ ሲገደሉ አሳይቷል። ከዚያም በኋላ በርካታ ኩባንያዎች የባጀር ጸጉር መጠቀም እንደሚያቆሙ አስታውቀዋል። በዱር የተያዘን እንስሳ በተመለከተ ስለ ሰብል መከራከር ይቻል ይሆናል፤ በሽቦ ቤት ውስጥ ያደገ ባጀር ግን የማንንም ሰብል አላበላሸም።

በእንግሊዝ ወይም በጀርመን ተሠራ የሚለውን ጽሑፍ የጸጉሩ መነሻ አድርጎ ማንበብም የተለመደ ነው። በብሪታንያ ያለ ልዩ ፈቃድ ባጀርን መግደልም ሆነ ጉድጓዱን ማወክ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጥበቃው እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የነበረ ሲሆን በ1992 በወጣው የባጀሮች ጥበቃ ሕግ ተጠናክሯል። ስለዚህ ማኅተሙ የሚናገረው ብሩሹ የታሰረበትን ወይም እጀታው የተገጠመበትን አገር እንጂ እንስሳው የሞተበትን አይደለም። «ፒዩር»፣ «ቤስት» እና «ሲልቨርቲፕ» የሚባሉት ደረጃዎችም እንዲሁ ስለ ጸጉሩ ልስላሴና ቀለም የሚነገሩ፣ ከአምራች አምራች የሚለያዩ የንግድ ስሞች ናቸው፤ ስለ አያያዝ ምንም አይሉም።

የአሳማ ጸጉርን በተመለከተ የሚታየው ስህተት «ተረፈ ምርት ነው» በሚል አንድ ቃል ጉዳዩን መዝጋት ነው። አሳማው የሚታረደው ለሥጋው እንደሆነና ጸጉሩ ባይሸጥ ሊጣል እንደሚችል እሙን ነው፤ ክርክሩም ከባጀሩ ይልቅ ጠንካራ ይመስለኛል። ሆኖም ተረፈ ምርት ዋጋ ሲያወጣ የአርቢው ገቢ አካል ይሆናል፤ አሳማዎቹ በምን ሁኔታ እንዳደጉም ቃሉ አይገልጽም። (ሃይማኖታቸው አሳማን የሚከለክላቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ የራሳቸው ጥያቄ ስላላቸው፣ ሻጩ የጸጉሩን ዓይነት በግልጽ የመጻፍ ግዴታ አለበት ባይ ነኝ።)

የፈረስ ጸጉር ከጭራና ከጋማ ስለሚገኝ ፈረሱ ሳይሞት ሊቆረጥ ይችላል። ስህተቱ «ይችላል» የሚለውን «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ብሎ መረዳቱ ነው፤ ከቄራ የሚመጣም አለና። በዚህ ላይ ሥነ ምግባር የሚመለከተው እንስሳውን ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አሮጌ ታሪክ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የባጀር ጸጉር አቅርቦት ሲስተጓጎል ባጀር እንዲመስል የተደረገ የፈረስ ጸጉር ገበያውን ሞላው፤ በአግባቡ ከጀርም ያልጸዳ ስለነበረም በብሪታንያና በአሜሪካ ወታደሮችና ሲቪሎች ፊታቸውን ሲላጩ በአባ ሰንጋ ተያዙ፣ የሞቱም ነበሩ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1920 ከጃፓን የሚገባ የጺም ብሩሽ እስከ መከልከል ደርሳለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰውን ለአደጋ ያጋለጠው የጽዳቱ ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ አንዱን እንስሳ በሌላው ስም የመሸጥ ልማድም ነበረበት።

ሰው ሠራሽ ጸጉር እንስሳን ስለማይነካ ፍጹም ንጹሕ ነው ማለትም መጠነኛ እርማት ይፈልጋል፤ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ፕላስቲክ ነውና ሲያረጅ በቀላሉ አይበሰብስም። ያም ሆኖ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ የዛሬዎቹም እንደ ቀድሞዎቹ ቆዳ አይቧጥጡም። ይህን ምርጫ ያደረገ ሰው ግን ቤቱ ያለውን የባጀር ብሩሽ አውጥቶ መጣል የለበትም። በደንብ የተያዘ ብሩሽ ከ10 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ መጣሉ ለሞተው እንስሳ የሚፈይደው ነገር የለም፤ ለንግዱ ገንዘብ የሚጨምረው አዲስ መግዛት ነው።

የመጨረሻው ስህተት ሻጩን «ጸጉሩ በሥነ ምግባር የተገኘ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ እንዲህ ላለው ጥያቄ «አዎ» ከማለት የሚቀል መልስ የለምና። የእንስሳው ዝርያ ምንድን ነው፣ በየትኛው አገር ተያዘ ወይስ በእርባታ አደገ፣ ቦታውን ሄዶ ያየው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እኔ እነዚህን ጥያቄዎች ለአንድ ሻጭ በጽሑፍ አቅርቤ ያገኘሁት መልስ የጸጉሩን ልስላሴ የሚያወድስ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር፤ ስለ አገሩም ሆነ ስለ እርባታው አንድም ቃል ስላልነበረበት ብሩሹን ሳልገዛ ቀረሁ።