የጥንት ደን ከቅጠል ቅሪትና ከደለል እንዴት ይነበባል?

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጭልጋ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዘንባባ የበዛባት ሞቃታማ ምድር ነበረች። ይህን የነገሩን በደለልና በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የተቀበሩ ቅጠሎች፣ ግንዶችና የጥንት አፈሮች ናቸው።

ቅሪተ አካል ቅርስ ስለሆነ መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይያዙ።

ቅጠሉን ለመፈልቀቅ አይቸኩሉ፤ ደለሉ ይቅደም። ቦረቦር የገለጠውን ግድግዳ ጠርገው ንብርብሩን ከታች ወደ ላይ እየለኩ ይሳሉ። ስስና ልሙጥ ሸክላ የረጋ ሐይቅን፣ አሸዋና ጠጠር ወንዝን፣ የድንጋይ ከሰል ረግረግን ያመለክታል። የጥንቱ አፈር ግራጫ ከሆነ ውሃ ይተኛበት ነበር፤ ቀይ ከሆነ ይጠነፈፍ ነበር። ተፋትጎ የሚያብለጨልጭ ስንጥቅ ካዩ ደግሞ መረሬ ነው። ገበሬዎቻችን እንደሚያውቁት መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ዝናብና ደረቅ ወቅት ይፈራረቁ ነበር ማለት ነው። አመድ ካገኙ ናሙና ይውሰዱ፤ ዕድሜው በቤተ ሙከራ የሚታወቀው በውስጡ ካሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ነው።

ከዚያ ድንጋዩን በንብርብሩ አቅጣጫ በቀስታ ይሰንጥቁ። የሚያምረውን ብቻ መምረጥ ውጤቱን ያዛባል፤ የተቀደደውም፣ ትንሹም ይመዝገብ። በማጉያ መነጽር ጅማቱን፣ ጠርዙን፣ ነፍሳት የበሉትን ቀዳዳ ሳይቀር ይዩ። ከዛፍና ከቁጥቋጦ ዝርያዎች መካከል ጠርዛቸው ልሙጥ የሆኑት ድርሻ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ሞቃት ነበር፤ የሚቆጠረው ግን ዝርያው እንጂ የቅጠሉ ብዛት አይደለም። ሰፋፊ ቅጠል የዝናብ ብዛትን ይጠቁማል።

ደለሉ ይቅደም ያልኩት ለዚህ ነው። በውሃ ዳር የሚበቅሉ ዛፎች ብዙ ጊዜ ጠርዘ ጥርሳም ናቸው፤ ቦታው ወንዝ ዳር መሆኑን ያላወቀ ሰው ከእውነቱ የቀዘቀዘ አየር ያሰላል። ወንዝም ትልልቁን ቅጠል ስለሚቀዳድድ ዝናቡ ያነሰ ይመስላል። በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ያለው የሙሽ ሸለቆ ግን የሐይቅ ደለል ነው፤ ከ21 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆዩ ቅጠሎቹ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቀዋል።

በመጨረሻ በድንጋዩ ውስጥ የተቀበረውን የአበባ ብናኝም በጥናቱ ያካትቱ። ብናኙን ለማውጣት ድንጋዩን የሚያሟሟው አሲድ እጅግ አደገኛ ስለሆነ ሥራውን ለባለሙያ ይተዉ። ቅጠል በአብዛኛው የቅርቡን ዛፍ ሲነግረን፣ ብናኝ በነፋስ ከሩቅም ይመጣል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱን ከመጣልዎ በፊት ናሙናዎቹ ከአንድ ንብርብር መውጣታቸውን በሥዕልዎ ላይ ያረጋግጡ።