የተተከለ የአንጎል ሴል ሰውነት እንዳይገፋው ምን ይደረጋል፣ ታማሚ ያላችሁ ሰዎችስ ምን ብላችሁ ጠይቁ

ለፓርኪንሰን የስቴም ሴል (ወደ ሌላ አይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል) ህክምና መጣ ሲባል ሰምታችሁ ለታማሚ ዘመዳችሁ ልታጣሩ ከተነሳችሁ፣ ስንት ሰው ተሻለው ከማለታችሁ በፊት ሴሉ የማን ነው በሉ። መድሀኒት ይወሰዳል ወይ፣ ለስንት ጊዜ፣ ሴሉስ ይቆያል ወይ የሚለው በአብዛኛው ከዚች ጥያቄ ነው የሚመጣው።

አንጎል ውስጥ እኮ ኢሚውን ሲስተም (የሰውነት መከላከያ) አይገባም የሚላችሁ ካለ አትቀበሉት። እርግጥ ከቆዳ ጋር ሲተያይ አንጎል ባዕድ ሴል ይታገሳል፣ ግን መርፌው ሲገባ ራሱ ቦታው ይቆስላል፣ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ተከላካይ ሴሎች ይነቃሉ፣ ከዛ ቲ ሴሎች የሚባሉት ባዕድ ሴል የሚያጠቁ የኢሚውን ሴሎች ከደም ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ከፅንስ የተወሰደ ቲሹ ለተተከለላቸው የፓርኪንሰን ታማሚዎች ሳይክሎስፖሪን የሚባል ኢሚውን የሚያፍን መድሀኒት ለ6 ወር ብቻ ነበር የተሰጠው፣ መጀመሪያ ላይ ለውጥ አሳይተው መድሀኒቱ ከቆመ በኋላ ወደኋላ ተመለሱ፣ ከሞቱት ላይ ሲታይ ደግሞ የተተከሉት ሴሎች በህይወት ቢኖሩም ዙሪያቸውን በኢሚውን ሴሎች ተከበው ተገኙ። ለኔ ከዚ በላይ ማስጠንቀቂያ የለም።

መልሱ የራሱ የታማሚው ሴል ነው ከሆነ፣ ቆዳው ወይ ደሙ ተወስዶ ጃፓናዊው ተመራማሪ ያማናካ በ2006 በአይጥ በ2007 በሰው ሴል ባሳየው መንገድ ወደ አይፒኤስ ሴል (ወደ ስቴም ሴልነት የተመለሰ ሴል) ተመልሶ ከዛ የዶፓሚን ነርቭ (ፓርኪንሰን ላይ የሚሞተው ሴል) እንዲሆን ይደረጋል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ታማሚ በ2017 እና በ2018 በሁለት ዙር ተተክሎለት ኢሚውን የሚያፍን መድሀኒት ምንም ሳይወስድ ሴሎቹ እንደቆዩ በ2020 ታትሟል። ደስ ይላል ግን አንድ ሰው ነው፣ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ማዘጋጀት ወራት ይፈጃል ወጪውም ከባድ ነው። በሽታው በዘር የመጣ ከሆነ ያው ጂን አዲሱ ሴል ውስጥም ስላለ ተስተካክሏል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ከለጋሽ ነው ካሏችሁ ኤችኤልኤው (ሴሉ ላይ ያለው የማንነት ምልክት) ከታማሚው ጋር ተመሳስሏል ወይ በሉ። ኢሚውን ሲስተም የራስን ከባዕድ የሚለየው በዋናነት በሱ ነው። ኪዮቶ ላይ በዝንጀሮ በተሰራ በ2017 በወጣ ጥናት ተመሳሳይ አይነት ሴል ሲተከል ብግነቱ ቀንሶ ብዙ የዶፓሚን ነርቭ ተርፏል። እዛው ኪዮቶ ለ7 ታማሚዎች የለጋሽ ሴል ተተክሎ ታክሮሊመስ የሚባል ኢሚውን የሚያፍን መድሀኒት እስከ 15 ወር ተሰጥቶ ከባድ ጉዳት አለመታየቱ በ2025 ታትሟል። ታክሮሊመስ ቀልድ አይደለም፣ ኩላሊት ይጎዳል ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ስለዚ በደም ውስጥ ያለው መጠን በየስንት ጊዜው ይለካል፣ ማን ይከታተላል የሚለውን በጽሁፍ ያዙ፣ ዘመዳችሁም ተሻለኝ ብለው በራሳቸው እንዳያቆሙት።

ሶስተኛው መንገድ ጂን ኤዲቲንግ ነው፣ የሴሉን ጂን መቀየር ማለት ነው። ቢቱኤም እና ሲአይአይቲኤ የሚባሉት ጂኖች ሲጠፉ ሴሉ ላይ ኤችኤልኤው ስለማይወጣ ቲ ሴል አያየውም፣ ነገርግን ኤንኬ የሚባሉት ሌሎች የኢሚውን ሴሎች ደግሞ ኤችኤልኤ የጎደለውን ሴል ለይተው ስለሚገሉ ሲዲ47 የሚባል አትንኩኝ የሚል ምልክት የሆነ ፕሮቲን ይጨመርበታል። ሀሳቡ በጣም ያጓጓል፣ የሚያስፈራውም እዛው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከኢሚውን ሲስተም የተደበቀ ሴል ካንሰር ቢሆን ማን ያጠፋዋል? አታክሲያ ቴላንጄክታሲያ የተባለ ኢሚውን ሲስተም የሚያዳክም በሽታ የነበረበት ልጅ የፅንስ ነርቭ ስቴም ሴል ተሰጥቶት ከለጋሾቹ ሴል የመጣ እጢ አንጎሉ ውስጥ እንደበቀለ በ2009 ታትሟል። ስለዚ እንዲህ አይነት ሴል ከሆነ አደጋ ቢመጣ በመድሀኒት የሚገደልበት ስዊች አለው ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ አትለፉ።

በደም ስር ሰጥተን አንጎል እናድሳለን፣ የለጋሽ ሴል ነው ግን ምንም መድሀኒት አያስፈልገውም፣ ክፈሉና ኑ የሚል ቦታ ከገጠማችሁ ተዉት። በነዚ የፓርኪንሰን ሙከራዎች ሴሉ የሚገባው በቀዶ ጥገና ፑታሜን የሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ነው።

ሁሉንም ጠይቃችሁ ስታበቁ ደግሞ ኢሚውን የሚያፍነው መድሀኒት ከቆመ በኋላ የተነሳውን ፔት ስካን (የአንጎሉን ሴሎች ስራ የሚያሳይ ምስል) ውጤት አሳዩን በሉ፣ መድሀኒቱ እየተወሰደ የተነሳውን ብቻ ካሳዩዋችሁ ሴሉ ያለመድሀኒት መቆየቱ ገና አልታወቀም ማለት ነው።