ልጆቹ የታሉ? አዲስ ፍጡር ስትፈጥሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምናባዊ ፍጡር የሚፈጥሩ ወጣት ጸሐፊዎች ረቂቃቸውን ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ የታሉ? ፍጡራኑ ክንፍ አላቸው፣ አስማት አላቸው፣ ንጉሥና ሠራዊት አላቸው። ማን እንዳጠባቸው ግን አይታወቅም። እኔ አንድን ሕዝብ በደንብ የማውቀው ልጁን ሲያሳድግ ሳየው ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቱ፣ ሕጉ፣ ፍርሃቱ፣ ጠቡ ሳይቀር ከዚያ ይመጣል።

ለምሳሌ እንዲመቸን እዚሁ ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ላይ የሚኖሩ ፍጡራን እንፍጠር። ስማቸውን ውርጮ እንበላቸው። ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ጅባራ የተባለው የደጋ ተክል በቆመበት ብርድ ውስጥ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው 800 ዓመት ነው።

ዕድሜና ወሊድን ሳያሰሉ መጻፍ

ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ነው። ረጅም ዕድሜ መስጠት ደስ ይላል፤ ሒሳቡን የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። ውርጮዎች ከ100 እስከ 700 ዓመታቸው ድረስ በየ20 ዓመቱ አንድ ልጅ ይወልዳሉ እንበል። አንድ ጥንድ 30 ልጅ ወለደ ማለት ነው። ከ10 ጥንድ ብንነሳ 300 ልጆች ይኖራሉ። እነሱ 150 ጥንድ ሆነው 4,500 ይወልዳሉ። ቀጣዩ ትውልድ 67,500 ይሆናል። ጮቄ ይህን ሁሉ አፍ አይችልም። ጸሐፊው ደግሞ «ቁጥራቸው እየተመናመነ የሄደ ምስኪን ሕዝብ» ብሎ ጽፏል!

መውጫው ብዙ ነው። ዝሆን 22 ወር ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ትወልዳለች። ጅባራው ራሱ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያችኋል። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይቆያል። ከዚያ አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይደርቃል። በቃ።

ውርጮም እንደዚያ ቢሆንስ? ባልና ሚስቱ በሕይወታቸው አንዴ ብቻ፣ ሦስት ልጅ በአንድ ጊዜ ወልደው ይሞታሉ። ከሦስቱ አንዱ ክረምቱን አያልፍም። ቁጥራቸው አይበዛም፣ አያንስም። አሁን ጥያቄው መጣ፤ የተረፉትን ማን ያሳድጋቸዋል? ገና ያልወለደች የእናታቸው እህት፣ አክስታቸው። እሷም ልውለድ ካለች ልትሞት ነው። ልጆቹ እስኪጠኑ ድረስ መውለድ የለባትም። ሰርግ ቤት ውስጥ የሚለቀስበት አገር ሆነ። ታሪኩን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም፤ ከሒሳቡ ወጣ።

ረጅም ልጅነት ሰጥቶ አሳዳጊውን መርሳት

«ልጆቻቸው 60 ዓመት ሕፃን ሆነው ይቆያሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። እሺ፣ 60 ዓመት በአንቀልባ የሚያዝለው ማን ነው? ያ ሰው መቼ ያርሳል፣ መቼ ይፈጫል? ልጅነቱ ከረዘመ የአሳዳጊው ጉልበት ከየት እንደሚመጣ መልስ ይፈልጋል።

ልጅነት ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም። በገጠሩ ጎጃም ልጅ ሥራ የሚለምደው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ጥጃ ይጠብቃል። ቀጥሎ በግና ፍየል። ጠና ሲል ከብት ይዞ ይወጣል። ቅኔ ፍለጋ እንደ ዋሸራ ወዳሉ ቦታዎች የሚሄደው የቆሎ ተማሪማ ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ይለያል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ በየደጃፉ ቁራሽ ይለምናል። የማያውቀው መንደር ያበላዋል። እንዲህ ያለ ልጅና ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ ያደገ ልጅ ዓለምን እኩል አያዩዋትም። ፍጡራችሁም እያንዳንዱን ደረጃ ሲሻገር ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚነጠቅ እወቁ።

የሰውን ቤተሰብ እንዳለ መገልበጥ

እናት ቤት ትቀመጣለች፣ አባት አደን ይወጣል፣ ሁለት ልጆች እሳት ዳር አሉ። ጅራት ስለተጨመረላቸው ብቻ አዲስ ፍጡር አይሆኑም።

ጣና ሐይቅ ውስጥ ያለችውን ቆሮሶ የምትባል ዓሣ እዩ። ሴቷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ትለቅምና አፏ ውስጥ ትይዘዋለች። እስኪፈለፈል ድረስ እዚያው ነው። በእነዚያ ቀናት እምብዛም አትመገብም። ጫጩቶቹ ወጥተው መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አፏን የከፈተች እናት አስቡ፤ ትንንሾቹ ተንጋግተው ሲገቡባት፣ እሷ ደግሞ እየራባት አንዱንም ሳትውጥ። ማንም ጸሐፊ ይህን ቢፈጥር «አጋነንከው» ይባል ነበር።

ቀፎ ያለው ገበሬ ጓሮም ሌላ ትምህርት አለ። አውራዋና ሠራተኛዋ ንብ የሚወጡት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። የሚለያያቸው በእጭነታቸው የሚሰጣቸው ምግብ ነው። አውራዋ በ16 ቀን ገደማ ትደርሳለች፤ ሠራተኛዋ ወደ 21 ቀን ይፈጅባታል። ሞግዚቶች በምግብ ንግሥት የሚያወጡበት አገር ላይ ሥልጣን በማን እጅ ነው? በዙፋኑ ወይስ በማብሰያ ቤቱ? እኔ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ባገኝ ሌሊቱን ሙሉ አነበዋለሁ።

አየሩን ችላ ማለት

በሐምሌ ጮቄ ላይ እንቁላል ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድ ፍጡር ዘሩ አይተርፍም። በረዶና ዝናብ አለ። ቆላውን ዓባይ ሸለቆ ከመረጣችሁ ደግሞ ሙቀቱን ተጠቀሙበት። አዞ እንቁላሉን አሸዋ ውስጥ ሲቀብር ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው የጎጆው ሙቀት ነው።

ሥርዓትን ከእኛ ወስዶ መለጠፍ

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። የቀኑ ምክንያት ያለው በእምነታችን ውስጥ ነው። ቁጥሩን ቀይሮ ውርጮ ላይ መለጠፍ ባዶ ድግስ ይሆናል። የፍጡሩ ሥርዓት ከፍጡሩ ገላና ከአገሩ ይምጣ።

የውርጮ ልጆች በሰኔ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ እንበል። ዓይናቸው የሚገለጠው ጉሙ ሲነሳ፣ መስከረም ላይ ነው። ስም የሚወጣላቸውም ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የሞተ ስም የለውም፤ በስም አይለቀስለትም። አሁን አንዲት አክስት በነሐሴ፣ ከሦስቱ ደካማውን ልጅ አቅፋ፣ ማንም ሳይሰማ ስም ብታወጣለትስ? ሕግ ጣሰች። ለምን እንደጣሰች ግን እናት የሆነ ሁሉ ይገባዋል።

ሁሉንም በአንድ ምዕራፍ መዘርገፍ

ይህን ሁሉ ካሰባችሁ በኋላ ልታሳዩት ትጓጓላችሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የወሊድ፣ የዕድገትና የሞት ማብራሪያ ሆኖ ያርፋል። አንባቢው ይደክመዋል። «ውርጮዎች ልጆቻቸውን ከብርድ ለመጠበቅ የተሞቀ ድንጋይ ይጠቀማሉ» ከማለት ይልቅ አክስቲቱን አሳዩን። ጠጠሩን ከእሳት ዳር አነሳች፣ በጉንጯ ለካችው፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ለልጁ አስጨበጠችው። ያን ያህል ይበቃል። የቀረው ማስታወሻችሁ ላይ ይቆይ፤ ልጁ አድጎ «እናቴን ማን አየ?» ብሎ ሲጠይቅ ትፈልጉታላችሁ።