«ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ» እና ሌሎች የአዳር ካምፕ ስህተቶች

11 ሰመር በአዳር ካምፕ፣ ማለትም ልጆች በትምህርት ዕረፍት ከወላጅ ርቀው በሚያድሩበት ካምፕ፣ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ከልጆቹ ጋር የማድር ቡድን መሪ ነበርኩ። በኋላ ልጆች በሚገቡበት ቀን በር ላይ ተቀምጬ ፎርምና መድኃኒት የምቀበለው እኔ ሆንኩ። እዚያ ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠ ሰው ብዙ ያያል። ልጁ አፉን ሳይከፍት፣ ወላጁ ሲያወራ ብቻ ሰምተን፣ ማታ ማን እንደሚያስቸግረን እንገምታለን። ብዙ ጊዜ እናገኘዋለን።

ስለ ጥርስ ብሩሽና ስለ ፎጣ አልነግራችሁም። ካምፑ የላከላችሁ ዝርዝር ላይ አለ፤ አንብቡት። እኔ የማወራው ዝርዝሩ ላይ ስለሌለው ነው።

መጥቼ እወስድሃለሁ

«ካልተመቸህ ደውልልኝ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ።» ይቺን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። በፍቅር እንደምትባል አውቃለሁ። ልጁ ጆሮ ውስጥ የምትገባው ግን «እናቴ እንደማልችለው ታስባለች» ሆና ነው።

ከዚያ የመጀመሪያዋ ማታ ትመጣለች። መብራት ይጠፋል። አልጋው ይቆረቁራል፣ አጠገቡ ያለው ልጅ ያንኮራፋል። ቃል ያልተገባለት ልጅ ሆዱ ይባባል፣ ትንሽ ያለቅሳል፣ ይገላበጣል፣ ይተኛል። ምን ሌላ ምርጫ አለው? ቃል የተገባለት ግን አይተኛም፤ ሒሳብ ይሠራል። ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ልደውል? ብደውል በስንት ሰዓት ትደርሳለች? በማግስቱ ዋና ላይም ሆነ ምሳ ላይ «ተመችቶኛል ወይስ አልተመቸኝም?» እያለ ራሱን ሲመረምር ይውላል። እንዲህ ራሱን እየመረመረ የሚውል ሰው አዋቂም ቢሆን አይመቸውም።

አንድ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማውን አስሮ፣ ሻንጣውን ዘግቶ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ምን ሆነህ ነው ስለው «አባዬን እየጠበቅኩት ነው» አለኝ። ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ፤ የደወለ ሰው የለም። ለካ አባትየው «ሁለት ቀን ሞክረው፣ ካልሆነ እመጣለሁ» ብሎታል። ልጁ ሁለቱን ቀን ቆጥሮ ጨርሷል። አባትየው ጋ ደወልን። ረጅም ዝምታ። ከዚያ «እኔ እኮ ለማጽናናት ብዬ ነው» አለ። አሁን ምን ያድርግ? ካልመጣ ልጁን ዋሸው። ከመጣ ደግሞ ልጁ «አልቻልኩም» ብሎ ሊመለስ ነው። መጥቶ ወሰደው። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ልጁ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ኳስ ሜዳውን እያየ ነበር። የዚያን ዕለት ከሰዓት ግጥሚያ ነበራቸው።

ይሄ የእኔ ብቻ አመለካከት አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ልጆች ከቤት ሲርቁ ስለሚይዛቸው ናፍቆት ለሐኪሞች የሚሆን ጽሑፍ አውጥቷል። ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ልጁ አስቀድሞ ከቤት ውጭ ማደር እንዲለምድ ነው። ስለዚህ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ሁለት ሌሊት አሳድሩት። በየሰዓቱ ግን አትደውሉ፤ የምትደውሉ ከሆነማ ልምምዱ የእናንተ ሆነ።

«ካልተመቸኝስ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይባል? እውነቱን ንገሩት። «መናፈቅህ አይቀርም። ትልቅ ሰውም ይናፍቃል። ሲናፍቅህ ምን ብታደርግ ይሻልሃል?» ብላችሁ መልሱን እሱ ይፈልግ። አንዱ ደብዳቤ እጽፋለሁ ይላል፣ ሌላው ሮጬ ኳስ ሜዳ እሄዳለሁ ይላል። አንዷ ልጅ «ፊቴን እታጠባለሁ» ብላኛለች፤ ሠርቶላታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አትቀላቅሉብኝ። ናፍቆት ሌላ፣ ጥቃት ሌላ ነው። ሰው ቢመታው፣ ቢያስፈራራው፣ ገላውን ቢነካው ወይም «ለማንም እንዳትናገር» ቢለው ወዲያው ለሌላ አዋቂ እንዲናገር፣ ለእናንተ ማስደወል መብቱ እንደሆነና ያኔ ሌሊትም ቢሆን እንደምትመጡ በግልጽ ንገሩት። ይሄ ቃል መገባት ያለበት ቃል ነው።

እናት ያዘጋጀችው ሻንጣ

እንደዚያ የተዋበ ሻንጣ አይቼ አላውቅም። 14 የላስቲክ ከረጢት፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ። በየከረጢቱ ካናቴራ፣ ቁምጣ፣ የውስጥ ሱሪ፣ ካልሲ ተጣጥፎ ገብቷል፣ ላዩ ላይ ቀኑ ተጽፏል። ልጁ 10 ዓመቱ ነው። በስድስተኛው ቀን አጠገቡ የሚተኙት ልጆች «ይሸታል» ብለው መጡ። ሻንጣውን ስከፍተው አንዱም ከረጢት አልተነካም። «ለምንድን ነው የማትቀይረው?» አልኩት። «እማዬ የደረደረችውን እንዳላበላሽባት» አለኝ። ስድስት ቀን በአንድ ካናቴራ!

ሻንጣውን ልጁ ያዘጋጅ። እናንተ ዝርዝሩን አንብቡለት፣ እሱ ያምጣና ያስገባ። ቢጨማደድ ይጨማደድ። ራሱ ያስገባውን ካልሲ በጨለማም ያገኘዋል። ቤት ውስጥ እጥፋት ሲያስተካክል የሚውል ሰው ካላችሁ ሌላ ክፍል ይቆይ።

የእጅ ባትሪው ሻንጣው ታች አይቀበር። መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው፤ ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ አለ። አዲስ ጫማ ደግሞ አታስይዙት። በመጀመሪያው የእግር ጉዞ ተረከዙ ውሃ ይቋጥርና ሳምንቱን ሲያነክስ ይከርማል። ጫማው አዲስ ከሆነ ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ይልበሰው። ስሙ ሁሉም ነገር ላይ ይጻፍ፤ ሁሉም ስል ኮዳውም፣ ፎጣውም፣ ሁለቱም ካልሲዎች ማለቴ ነው። በየዓመቱ የካምፑ መጨረሻ ላይ ባለቤት ያጣ ፎጣ እንደ ተራራ ይከመራል።

ፎርሙ ላይ መደበቅ

ይሄ ያናድደኛል። «አልጋ ላይ ይሸናል?» የሚል ጥያቄ አለ። እናትየው «አይ» ላይ ምልክት ታደርጋለች። ለልጁ አፍራ ነው። ልጁ ግን በሁለተኛው ሌሊት ስሊፒንግ ባጉን ያረጥበዋል። ለማን ይንገር? አጣጥፎ ይደብቀውና ማታ እርጥቡ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሦስት ሌሊት እንዲህ ያሳለፈች ልጅ አውቃለሁ። ቆዳዋ ቀልቶ ነርሷ ጋ ስትመጣ ነው የታወቀው።

ብትነግሩን እኮ ቀላል ነው። ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት እንወስደዋለን። ጠዋት ልጆቹ ቁርስ ላይ እያሉ አንሶላው ይቀየራል፤ ማንም አያይም። የመጀመሪያው ልጅ አይደለም፣ በየዙሩ አለ። እናንተ ቅያሪ አንሶላ ጨምሩ፣ ሌላውን ለእኛ ተዉት።

መድኃኒትም እንደዚሁ። «ዕረፍት ላይ ስለሆነ የትኩረት መድኃኒቱን አቆምንለት» የሚሉ ወላጆች አሉ። ለሐኪሙ ሳይነግሩ። አዲስ ቦታ፣ አዲስ ሰዎች፣ አዲስ ሕግ፣ ከዚያ ደግሞ መድኃኒቱን ማቋረጥ! ካምፕ ለዚህ ሙከራ የሚሆን ቦታ አይደለም። ኪኒኑ ከነማሸጊያው፣ ስሙና መጠኑ እንደተጻፈበት ይምጣ። አንዴ በናፕኪን የተጠቀለሉ ሦስት ዓይነት ኪኒኖች ተቀብያለሁ። «ነጩ የጠዋት ነው» ተባልኩ። ሁለቱ ነጭ ነበሩ። ከባድ አለርጂ ያለበት ልጅ የአድሬናሊን መርፌ ሁለት ይያዝ፤ አንዱ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን እቤት እያላችሁ እዩት።

የተደበቀው ስልክ

ካምፑ ስልክ ከልክሎ ሳለ ወላጅ ራሱ ደብቆ ይልካል። ትራስ ውስጥ አይቻለሁ፣ የሳሙና ዕቃ ውስጥ አይቻለሁ፣ አንዴ ሆዱ ተቀዶ እንደገና የተሰፋ የድብ አሻንጉሊት ውስጥ አግኝተናል። ስፌቱ ያምር ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ የሕጉ መጣስ አይደለም። ያቺ የድብ አሻንጉሊት ባለቤት መብራት ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብስ ተከናንባ ለእናቷ ትደውል ነበር። የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ይብስባታል፤ ታለቅሳለች። ቡድን መሪዋ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተኝታለች። ቀስቅሳ «ከፍቶኛል» እንዳትላት ስልኩ ሊታወቅ ነው። ስለዚህ አራት ሌሊት ብቻዋን አለቀሰች። ስልኩ ከተገኘ በኋላ ሁለት ሌሊት ከፋት። ከዚያ ቀዘፋ ካልወሰዳችሁኝ ብላ ታስቸግረን ጀመር።

የእኔ ደብዳቤ

ሰው ላይ ብቻ አልፍረድ። የራሴን ልጅ ካምፕ የላክሁ ዓመት ለሌላው ወላጅ የምመክረውን ሁሉ ረሳሁት። በሁለተኛው ቀን ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩላት። ድመቷ አልጋሽ ላይ ተኝታ እየፈለገችሽ ነው፣ ማታ ማታ በርሽ ላይ ትጮሃለች አልኩ። የአጎትሽ ልጆች መጥተው ሲኒማ ሄድን፣ አንቺ ብቻ ቀረሽ አልኩ። ቤቱ ያላንቺ ጭር ብሏል አልኩ። እያነባሁ ነው የጻፍኩት፤ የተዋጣልኝም መስሎኛል።

መልሷ አንድ መስመር ነበር። «ድመቷ አሁንም ትጮሃለች?»

ቡድን መሪዋ በኋላ እንደነገረችኝ ደብዳቤዬ እስኪደርስ ድረስ ደህና ነበረች። የዚያን ማታ እራት አልበላችም። እኔ ናፍቆቴን ተንፍሼ ቀለለኝ፤ ሸክሙን የ8 ዓመት ልጅ ተሸከመችው።

ቤት ውስጥ ያለውን አሰልቺ አድርጋችሁ ጻፉ። ቧንቧው ተበላሽቶ ተሠራ፤ በቃ። ከዚያ ጠይቁት። አብሮህ የሚተኛው ማን ነው? ውሃው ይቀዘቅዛል? በጣም የሚያስቅህ ማን ነው? አጭር ይሁን። ስትሸኙትም እንደዚሁ፤ አቅፋችሁ፣ ስማችሁ፣ ዞር ብላችሁ ሂዱ። ማልቀስ ካለባችሁ መኪና ውስጥ አልቅሱ። ፓርኪንጉ ውስጥ ብዙ የሚያለቅስ ሰው ስላለ ማንም አይገርመውም።

ከልጁ የሚመጣው ደብዳቤ ደግሞ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። «አውጡኝ። ሁሉም ይጠላኛል።» ይሄ የሚጻፈው በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዕረፍት ተብሎ አልጋ ላይ በተጋደሙበት ሰዓት ነው። የሚሠራ ነገር የለም፣ ሐሳብ ይመጣል። ደብዳቤው እናንተ ጋ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ ልጁ መጻፉንም ረስቶት ይሆናል። የመኪና ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ካምፑ ጋ ደውሉ። «እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ። ማታ ይተኛል? ይበላል? ከማን ጋር ነው የሚውለው? ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን የማይመልስ ካምፕ ካጋጠማችሁ ያኔ ቁልፉን አንሱ።

ካምፑ የሚለጥፋቸውን ፎቶዎች እያጎላችሁ «ለምን አልሳቀም?» አትበሉ። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ነው።

አጫጭሮቹ

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ስለያዘ ይቀባዋል ማለት አይደለም። ራሱ መቀባት አስተምሩት። መከላከያ መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ በየሁለት ሰዓቱና ከዋና በኋላ ይደገማል። የትንኝ መከላከያ የሚቀባ ከሆነ ክሬሙ ይቀድማል። ፐርሜትሪን የሚባለው መርጫ ለልብስና ለጫማ ነው እንጂ ቆዳ ላይ አይረጭም፤ ሁለቴ ሲረጭ ይዣለሁ።

መዥገር ባለበት አካባቢ ከሆነ ማታ ማታ ብብቱን፣ ከጉልበቱ ኋላና ከጆሮው ጀርባ እንዲያይ አሳዩት። ላይም (Lyme) የሚባለውን በሽታ እንድታስተላልፍ መዥገሯ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት። በየቀኑ ያየ ልጅ ይቀድማታል።

ከመምጣቱ በፊት ፀጉሩን እዩ። ቅጫም ይዞ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከቡድኑ ሲለይ ማየት ደስ አይልም።

የወር አበባ ገና ያላየች ልጅም ብትሆን ሞዴስ ይያዝላት፣ ምን እንደሚሆንም ይነገራት። አባቶች፣ እናንተንም ነው።

ቤት ልትቀይሩ፣ ልትፋቱ ወይም የታመመ ዘመድ ካለ በር ላይ ሆናችሁ አትንገሩት። ቀደም ብላችሁ ንገሩትና ጠይቆ ይጨርስ፤ ካልሆነ ሲመለስ።

ልትወስዱት ስትመጡ መኪና ውስጥ ጥያቄ አታዝንሙበት። 20 ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ይጥለዋል። ወሬው በሦስተኛው ቀን፣ ሳህን ስታጥቡ፣ ሳትጠይቁት ይመጣል። ሻንጣውን ግን ቤት ውስጥ አትክፈቱት። ደጅ አውጡና ክፈቱት፤ ታች ላይ ከመጀመሪያው የዋና ቀን ጀምሮ እርጥቡን የተጠቀለለ ፎጣ አለ።