ቋንቋውን ልጅ ቀድሞ ሲይዝ

አዲስ አገር ስትገቡ ቋንቋውን ቀድሞ የሚይዘው ልጅ ነው። ዓመት ሳይሞላው ደብዳቤ ያነብላችኋል፣ ስልክ ያነሳላችኋል፣ ቅጽ ይሞላላችኋል። «ይሄ ልጅ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር» የሚሉ ብዙ ወላጆች አውቃለሁ። ኩራታቸው ይገባኛል። ግን ቤቱ ሳይታወቅ የሚገለበጠው እዚህ ጋ ነው። ወላጅ ጠያቂ፣ ልጅ መላሽ ይሆናል።

ትንንሽ ነገር ቢተረጉም ችግር የለውም። እንዲያውም ለቤቱ እንደሚጠቅም ሲያውቅ ደስ ይለዋል። የሚከብደው የእናቱን የምርመራ ውጤት ከሐኪም ሰምቶ የሚነግራት እሱ ሲሆን ነው። ውዝፍ ኪራይ እንዳለባችሁ ከሁላችሁም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ሲሆን ነው። በ14 ዓመቱ የአዋቂ ጭንቀት ይዞ ይተኛል። በዚያ ላይ መምህሩ ስለ እሱ የተናገረውን ራሱ ከተረጎመው እናንተ የምትሰሙት እሱ የመረጠውን ነው።

ስለዚህ ለሆስፒታል፣ ለፍርድ ቤትና ለትምህርት ቤት ስብሰባ አስተርጓሚ ጠይቁ። በብዙ አገሮች ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ያለ ክፍያ ያቀርባሉ። በአገሩ ቋንቋ መጀመሪያ የምታጠኑት ዓረፍተ ነገር «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የሚለው ይሁን።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር መለያየት ነው። ቤተሰብ ሁሌ አብሮ አይመጣም። አባት ወይ እናት ቀድሞ ይወጣል፣ ልጁ ከአያት ወይ ከአክስት ጋር ይቀራል፣ ወረቀቱ ዓመታት ይፈጃል። በሰባት ዓመቱ የተዋችሁት ልጅ በ13 ዓመቱ ኤርፖርት ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። በመሃል ያለፈውን አታውቁም። እሱም እናንተን በስልክ ድምፅ ነው የሚያውቃችሁ። እናንተ ለእሱ ስትሉ ለፍታችኋል፣ እውነት ነው። እሱ ደግሞ ተትቻለሁ ብሎ ያስብ ይሆናል። አሁን ደግሞ ያሳደጉትን አያቱን ትቶ መጥቷል፤ ይህም ለእሱ ሐዘን ነው። «ይህን ሁሉ አድርጌለት ፊቱን ያጠቁርብኛል» ብላችሁ አትቀየሙት። መጀመሪያ መቀራረቡ ይምጣ፣ ተግሣጹ ትንሽ ይዘግይ። ከአያቱ ጋር እንደልቡ ይደዋወል። እሳቸውን ስለናፈቀ እናንተን ጠላ ማለት አይደለም።

ከዚያ የማንነት ጥያቄ ይመጣል። ጆን ቤሪ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ13 አገሮች ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆኑ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆችን አጥንተው፣ ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከሁሉም የተሻለ ሆነው የተገኙት የወላጆቻቸውንም የአዲሱን አገርም ባህል አብረው የያዙት ናቸው። የቱ ጋ እንደሚቆሙ ግራ የተጋቡት ከሁሉም ይበልጥ ተቸግረዋል። መድልዎ የደረሰባቸውም ተጎድተዋል። ስለዚህ ልጁን አታስመርጡት። «ፈረንጅ ሆንክብኝ» የምትለዋ ቃል እንደ ቀልድ ብትወረወርም ታቆስላለች። ቤት ውስጥ በአማርኛ አውሩት። ቃል ሲያጥረው ቀላቅሎ ያውራ እንጂ በየመሃሉ አታርሙት። በሆዱ ያለውን እያወራ ሰዋስው ከታረመ በኋላ ማን ይቀጥላል?

ትምህርት ቤት ውስጥ በቆዳው ቀለም ወይም በአነጋገሩ ከተሾፈበት «ተወው፣ ዝም በል» አትበሉት። እመኑት። የሆነውን ከነቀኑ ጻፉና ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ። አንድ ጓደኛና አንድ የሚያምነው መምህር ካለው ብዙ ነገር ይቀልለታል። ኳስም ሆነ ሙዚቃ፣ ክበብ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። ከቻላችሁ ደግሞ ቤት እየቀየራችሁ ትምህርት ቤቱን አታቀያይሩበት፤ በተነሳችሁ ቁጥር ጓደኛ ፍለጋ ከዜሮ ይጀምራል።

እንቅልፉን ተከታተሉ። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ስልኩ ሌሊት ከክፍሉ ውጪ ይደር። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከፈዘዘ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ የሚወደውን ነገር ከተወ፣ ሐኪም ምክንያት ያላገኘለት የራስ ምታት ወይም የሆድ ሕመም ከተመላለሰበት አትጠብቁ። ትምህርት ቤቱ ካውንስለር፣ ማለትም የተማሪዎች አማካሪ፣ ካለው እሱን፣ ከሌለው የቤተሰብ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ሰው ምን ይለናል የሚለውን ለጊዜው ተዉት። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። የእናንተ ቤት ብቻ አይደለም። ራሱን ይጎዳል ብላችሁ ከፈራችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ የሚደወልበት 988፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ የልጆች የእርዳታ መስመር የሆነው 116 111 ላይ መደወል ይቻላል።

ሁለት ሥራ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጊዜ የለም። ግን ልጁ የሚፈልገው ረጅም ሰዓት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እስቲ ንገረኝ» ሲሉት «ምንም» ብሎ ይነሳል። ጎን ለጎን ሲሆን ይቀለዋል፤ ዕቃ እያጠባችሁ፣ ልብስ እያጠፋችሁ፣ መኪና ውስጥ። በሳምንት ሁለት ቀን እናንተ ከትምህርት ቤት አምጡት። ሬዲዮውን ዝጉ። ዝም ካለ አብራችሁት ዝም በሉ። ቤት ስትደርሱ ወሬ ከጀመረ ግን ሞተሩን አጥፉና እዚያው ተቀመጡ።